መድኃኒት የሚቋቋሙ የደም ካንሰር ሕዋሳትን በፍሎረሰንት ቀለሞች ስለ መለየት፦ ሒሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር የያዘው ሰው የመጀመሪያውን የኬሞቴራፒ ዙር ሲጀምር ሐኪሙም ሕመምተኛውም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፦ የካንሰሩ ሕዋሳት ከአጥንት መቅኔው ተወግደው ጤናማው የደም አመራረት ወደ ቦታው እንዲመለስ። ከሕሙማኑ ከፊሎቹ ይህን ያገኛሉ። በሌሎቹ ላይ ግን መድኃኒቱ ጤናማ የደም ሕዋሳትን አሟጥጦ ለኢንፌክሽንና ለመድማት ያጋልጣቸዋል እንጂ ካንሰሩን አያጠፋውም። እንደነዚህ ያሉት ሕሙማን የመድኃኒቱን ጉዳት ሁሉ ተቀብለው ጥቅሙን ሳያገኙ ይቀራሉ። ስለዚህም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የካንሰሩ ሕዋሳት መድኃኒቱን ይቋቋሙ እንደ ሆነ ማወቅ የደም ሕክምና የቆየ ምኞት ነው።

ይህን ምኞት ለማሳካት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ፍሎረሰንት የሆኑ ኬሚካሎችን፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ብርሃን ሲመቱ በሌላ ቀለም መልሰው የሚያበሩ ውሑዶችን፣ በሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ ሕዋሱ በእነርሱ ላይ የሚያደርገውን መመልከት ነው። ዘዴው ከሠላሳ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። በየጊዜውም አዳዲስ ቀለሞች እየተሠሩ «ተቋቋሚውን ሕዋስ ለይቶ የሚያሳይ» የሚል ስያሜ ይሰጣቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴው በእርግጥ ምን እንደሚያሳይና ያሳያል ተብሎ ከተገመተው ውስጥ የትኛው እንዳልተረጋገጠ መርምሮ፣ የጤና ባለሙያው እንዲህ ያለ ዘገባ ሲያጋጥመው በምን ሚዛን ሊመዝነው እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የዘዴው መነሻና አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1976 ሩዶልፍ ጁሊያኖና ቪክተር ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ባደረጉት ጥናት፣ ኮልቺሲን የተባለውን መድኃኒት እንዲቋቋሙ ተደርገው በተባዙ የሃምስተር ሕዋሳት ሽፋን ላይ አንድ ትልቅ ፕሮቲን አገኙ። ፕሮቲኑ የሕዋሱን ሽፋን አሳላፊነት የሚለውጥ ስለ መሰላቸው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል «ፐርሚያቢሊቲ» ከሚለው ቃል ወስደው ፒ-ግላይኮፕሮቲን ብለው ሰየሙት። ቆይቶ ግን ፕሮቲኑ የሕዋሱን ኃይል እየተጠቀመ የገባውን መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ መሆኑ ታወቀ። ከዚህም በላይ አስደናቂ ሆኖ የተገኘው ፓምፑ አንድን መድኃኒት ብቻ የሚመርጥ አለመሆኑ ነው። በኬሚካዊ አወቃቀራቸው የማይመሳሰሉትን ዳውኖሩቢሲንን፣ ቪንክሪስቲንንና ኢቶፖሳይድን ሁሉ ያስወጣል። አንዱን መድኃኒት የለመደ ሕዋስ ያልቀመሳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ጭምር የሚቋቋምበት አንዱ ምክንያትም በዚህ ተገለጠ።

ይኸው ፓምፕ ከመድኃኒቶቹ ሌላ አንዳንድ ፍሎረሰንት ቀለሞችንም ያስወጣል። ከእነዚህ በብዛት የተሠራበት ሮዳሚን 123 ነው። ከሕመምተኛው ደም ወይም መቅኔ የተወሰዱት ሕዋሳት በሰውነት ሙቀት ልክ ከቀለሙ ጋር ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣሉ፤ ታጥበውም ቀለም በሌለው ፈሳሽ ውስጥ እንደገና እንዲቆዩ ይደረጋል። ፓምፕ የሌለው ሕዋስ ቀለሙን እንደ ያዘ ስለሚቆይ ያበራል፤ ፓምፕ ያለው ሕዋስ ቀለሙን አስወጥቶ ይጨልማል። በጎን ሌላ የናሙናው ክፍል እንደ ቬራፓሚል ወይም ሳይክሎስፖሪን ካለ ፓምፑን ከሚያግድ መድኃኒት ጋር ተቀምጦ ይለካል። በእገዳና ያለ እገዳ በተገኘው ብርሃን መካከል ያለው ልዩነት የፓምፑ ሥራ መለኪያ ይሆናል።

ካልሲን ኤ ኤም የተባለው ሁለተኛ ቀለም በሌላ ስልት ይሠራል። ወደ ሕዋሱ ሲገባ አያበራም፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ሲቆርጡት ግን አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ውሑድ ሆኖ በውስጥ ይቀራል። ፓምፑ ውሑዱ ሳይቆረጥ ከሽፋኑ ላይ ስለሚያስወጣው ተቋቋሚው ሕዋስ እዚህም ጨለማ ሆኖ ይታያል። ዳውኖሩቢሲን ራሱም በተፈጥሮው ፍሎረሰንት ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱ በሕዋሱ ውስጥ መከማቸቱን ያለ ሌላ ቀለም መለካት ይቻላል።

ብርሃኑ የሚለካው ፍሎ ሳይቶሜትር በተባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ለኢትዮጵያ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በኤች አይ ቪ መርሐ ግብር የሲዲ4 ሕዋሳትን ለመቁጠር ወደ ብዙ ሆስፒታሎች የገቡት ፋክስካውንትና ፋክስካሊበር የተባሉት መሣሪያዎች በዚሁ መርሕ የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ምርመራዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ይለያያል። በሲዲ4 ቆጠራ ቀለሙ በፀረ እንግዳ አካል ላይ ተጭኖ በሕዋሱ ላይ ምልክቱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይመልሳል። በዚህኛው ግን ቀለሙ ራሱ በሕዋሱ እጅ ይወድቅና ሕዋሱ ምን ያደርጋል የሚለውን ያሳያል።

የዘዴው ብርታት

ከላይ የተጠቀሰው ልዩነት የዘዴው ዋነኛ ብርታት ነው። የፓምፑ ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ መገኘቱ ብቻ መሥራቱን አያረጋግጥም። በአሜሪካ የሳውዝዌስት ኦንኮሎጂ ግሩፕ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ባወጧቸው ጥናቶች ፕሮቲኑ ተገኝቶ ቀለም የማያስወጡ፣ ፕሮቲኑ ሳይገኝም ቀለም የሚያስወጡ የሉኪሚያ ናሙናዎች ታይተዋል። ሁለተኛው ዓይነት ናሙና ሌሎች ፓምፖች መኖራቸውን ስለሚጠቁም በፀረ እንግዳ አካል ብቻ የሚደረግ ምርመራ ሊያልፈው ይችላል። ሕያው ሕዋስን በሥራ ላይ መመልከት ይህን ክፍተት ይሞላል።

ሁለተኛው ብርታት ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ማሳየቱ ነው። ናሙናውን ፈጭቶ በጅምላ የሚለካ ምርመራ ከመቶ ሕዋሳት አምስቱ ብቻ ተቋቋሚ ቢሆኑ በአማካዩ ውስጥ ያሰጥማቸዋል። ሕመሙን መልሰው የሚያመጡት ግን እነዚሁ ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ብርታት ፍጥነቱ ነው፤ ውጤቱ ናሙናው በተወሰደበት ቀን ስለሚገኝ ሕክምናው ሳይጀመር ለሐኪሙ ሊደርስ ይችላል።

ዘዴው በዚህ ሁሉ ብርታቱ ከምርምር ላቦራቶሪ ወጥቶ በዓለም ላይ የዕለት ተዕለት የሕክምና መመሪያ አካል ሳይሆን ቀርቷል። ለምን እንደ ቀረ መመርመር በየጊዜው የሚቀርቡትን አዳዲስ ቀለሞች ለመመዘን ይረዳል።

ጨለማው ሁሉ ካንሰር አይደለም

የመጀመሪያው ችግር በንባብ ላይ ያለ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቻውድሪና ሮኒንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ጤናማ የሆኑት የደም ግንደ ሕዋሳት ራሳቸው ፒ-ግላይኮፕሮቲን እንዳላቸውና ሮዳሚን 123ን እንደሚያስወጡ አሳዩ። ከጤናማ ነጭ የደም ሕዋሳትም መካከል ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉትና ሲዲ8 ምልክት ያላቸው ሊምፎሳይቶች ፓምፑ አላቸው። ስለዚህ ከመቅኔ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ጨልሞ የሚታየው ሕዋስ መድኃኒት የሚቋቋም ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ሕመምተኛው ከኬሞቴራፒው በኋላ ደሙን መልሶ የሚያመርትበት ጤናማ ግንደ ሕዋስም ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሊጠፋ የሚገባው፣ ሌላው በምንም ዋጋ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ቀለሙ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። የሕዋሱን ማንነት የሚነግሩ የሽፋን ምልክቶች፣ ለምሳሌ ሲዲ45ና ሲዲ34፣ በአንድ ላይ ካልተነበቡ በስተቀር ውጤቱ ትርጉም የለውም።

ሕዋስ የሚጨልምባቸው ምክንያቶችም ከፓምፑ ሌላ ብዙ ናቸው። ሮዳሚን 123 በሕዋሱ ውስጥ የሚከማቸው በሚቶኮንድሪያ ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ስቦ ስለሚይዘው ነው። ሚቶኮንድሪያው የደከመ ሕዋስ ፓምፕ ባይኖረውም ቀለሙን በሚገባ አይዝም። ካልሲን ኤ ኤም ደግሞ የሚያበራው ኢንዛይሞቹ ሲሠሩና ሽፋኑ ሳይቀደድ ሲቀር ነው። ሽፋኑ የተቀደደ የሞተ ሕዋስ ቀለሙን ያፈስና ተቋቋሚ መስሎ ይታያል። በመሆኑም በእገዳ መድኃኒት የተደረገ ማነጻጸሪያና የሞቱ ሕዋሳትን የሚለይ ሌላ ቀለም ያልታከለበት ምርመራ ተቋቋሚነትን ለካ ሊባል አይችልም።

እነዚህ ጉድለቶች በላቦራቶሪዎች መካከል ያስከተሉት አለመጣጣም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሜምፊስ ከተማ በቅዱስ ጁድ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል የተካሄደው ዐውደ ጥናት የተጠራው የተለያዩ ላቦራቶሪዎች የፓምፑን ምርመራ የሚያደርጉበትን መንገድ ለማቀራረብ ነበር። የስምምነት ምክሮቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትመው ወጥተዋል። ከእነዚህ ምክሮች በፊት የታተሙ የሚጋጩ ውጤቶችን አሁን የሚያነብ ሰው ግጭቱ ከበሽታው ይሁን ከአለካኩ መጠየቅ ይኖርበታል።

ፓምፑ ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው

ሁለተኛው ችግር «መድኃኒት መቋቋም» የሚለው ሐረግ አንድ ነገር የሚገልጽ መምሰሉ ነው። ለአጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ ለረጅም ዘመን የተሰጠው የተለመደ ሕክምና ለሰባት ቀናት ሳይታራቢን፣ ለሦስት ቀናት ደግሞ ዳውኖሩቢሲን ነው። ዳውኖሩቢሲን በፒ-ግላይኮፕሮቲን ይወጣል፤ ሳይታራቢን ግን አይወጣም። ሳይታራቢን ወደ ሕዋሱ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ ገዳይ የሚሆነውም በሕዋሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ፎስፌት ሲጨምርለት ነው። ይህ ኢንዛይም የጎደለው ሕዋስ ሮዳሚን 123ን ይዞ ደምቆ እያበራ ሳይታራቢንን ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ በቀለሙ የሚገኘው መልስ የሚመለከተው ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱን ብቻ ነው።

ሥር በሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይለያል። ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ የበሽታው ዕጣ ተለውጧል። ነገር ግን በዚያው ዓመት መድኃኒቱን የተቋቋሙ ሕሙማን ሲመረመሩ ቲ315አይ የተባለ የዘረ መል ለውጥ ተገኘባቸው። ይህ ለውጥ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚለውጥ መድኃኒቱ በሕዋሱ ውስጥ ቢሞላም ሊሠራ አይችልም። እንዲህ ያለ ሕዋስ በማስወጫ ቀለሞች ቢመረመር ምንም ጉድለት ላይታይበት ይችላል። የሚያስፈልገው የዘረ መል ምርመራ ነው፤ ለውጡ ሲገኝም እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ እንደ ተፈቀደው ፖናቲኒብ ያለ፣ ለውጡን የሚያልፍ ሌላ መድኃኒት አለ።

በዕድሜ የገፉ የአጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማን ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ትልቅ ጥናት ወዲህ በብዙ አገሮች ወደ አዛሲቲዲንና ቬኔቶክላክስ ጥምረት አዘንብሏል። ቬኔቶክላክስ የሚሠራው ሕዋሱን ከሞት የሚከላከለውን ቢሲኤል-2 የተባለ ፕሮቲን በማገድ ስለ ሆነ፣ ሕዋሱ የሚቋቋመው በሌላ ተመሳሳይ ጠባቂ ፕሮቲን ላይ በመደገፍ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መቋቋም በሕዋሱ ላይ ተጽፎ የሚኖር ቋሚ ባሕርይ አይደለም። በአንድ ሕዋስና በአንድ መድኃኒት መካከል ያለ ግንኙነት ነው። መድኃኒቱ ሲለወጥ የምርመራው ጥያቄም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል።

የሕክምና ሙከራዎቹ ያስተማሩት

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ጉዳይ የሕክምና ሙከራዎቹ ታሪክ ነው። የሳውዝዌስት ኦንኮሎጂ ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ከሆኑ የአጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማን 71 በመቶ የሚሆኑት የፓምፑ ፕሮቲን ተገኝቶባቸዋል። ፕሮቲኑ ያልታየባቸው፣ በሽታቸው ከሌላ የደም ሕመም ወይም ሕክምና ያልተከተለና የክሮሞዞም ለውጣቸው መጥፎ ያልሆነ ሕሙማን 81 በመቶ ያህሉ ከበሽታው ምልክት ነጻ ወደ መሆን ደርሰዋል። ሦስቱም መጥፎ ሁኔታዎች ከተደራረቡባቸው ግን ለዚህ የበቁት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በመነሣት ፓምፑን ማገድ ሕሙማኑን ያድናል የሚለው ግምት ምክንያታዊ ይመስል ነበር።

አንድ ትልቅ ሙከራ ተስፋ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመውና 226 ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት በሳይታራቢንና በዳውኖሩቢሲን ላይ ሳይክሎስፖሪን የተጨመረላቸው ሕሙማን በሕክምናው የመጀመሪያ ዙር መቋቋም ከ47 ወደ 31 በመቶ ወረደ፤ በሁለት ዓመት በሕይወት የቆዩትም ከ12 ወደ 22 በመቶ ከፍ አሉ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም ፓምፑ በብዛት በተገኘባቸው ሕሙማን ላይ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ጥናት ሳይክሎስፖሪን ከተሰጣቸው ሕሙማን መካከል የተሻለ ውጤት ያገኙት በደማቸው ውስጥ የዳውኖሩቢሲን መጠን ከፍ ያለባቸው ነበሩ። ሳይክሎስፖሪን በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ሳይሆን ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበትንም መንገድ ያግዳል። ታዲያ ሕሙማኑን የጠቀማቸው የካንሰሩ ፓምፕ መታገዱ ነው ወይስ በደማቸው የሚዘዋወረው መድኃኒት መብዛቱ? ጥናቱ ይህን ለመለየት የሚያስችል አልነበረም።

የተከተሉት ሙከራዎች ተስፋውን አደበዘዙት። ፒ ኤስ ሲ 833 የተባለው ከሳይክሎስፖሪን የበረታ የፓምፕ ማገጃ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ 120 ሕሙማን ከተመደቡ በኋላ ማገጃው የሚሰጥበት ክፍል እንዲቆም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ዘገባ መሠረት በመጀመሪያው ወቅት የሞቱት ማገጃውን ካልወሰዱት 20 በመቶ፣ ከወሰዱት ግን 44 በመቶ ነበሩ። ዞሱኪዳር የተባለውና የሌሎቹን መድኃኒቶች አወጋገድ እምብዛም የማይነካው አዲስ ማገጃ ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ 449 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት እንዳሳየው አማካይ የመኖሪያ ጊዜያቸው ማገጃውን በወሰዱት 7.2 ወር፣ ባልወሰዱት 9.4 ወር ሲሆን ልዩነቱ በስታትስቲክስ ሚዛን ትርጉም አልነበረውም።

ከእነዚህ ውጤቶች ብዙዎች የደረሱበት መደምደሚያ የፓምፑ ጉዳይ አበቃለት የሚል ነው። ይህ ፍርድ ግን ችኩል ነው። በፒ ኤስ ሲ 833ና በዞሱኪዳር ሙከራዎች ሕሙማኑ ማገጃውን እንዲወስዱ የተመደቡት በፓምፕ ምርመራ ተመርጠው አልነበረም። ፓምፑ ያለበትም የሌለበትም ዕኩል ገብቷል። ፓምፕ ለሌለበት ሰው ማገጃ መስጠት ደግሞ ጥቅም የማይጠበቅበትን ተጨማሪ ጉዳት ማሸከም ነው። እንግዲህ ቀለሞቹ ለዓመታት ሲያሳዩ ቢቆዩም፣ መድኃኒቱ ለማን ይሰጥ በሚባልበት በወሳኙ ሰዓት ድምፅ አልተሰጣቸውም። ሙከራዎቹ የመረመሩት ማገጃውን ነው፤ ቀለሙ ትክክለኛውን ሕመምተኛ መምረጥ ይችል እንደ ሆነ አልፈተኑም። የዘዴው እውነተኛ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ተቋቋሚ ሕዋስን ማየት የቻለ ምርመራ ያየው ነገር ለሕመምተኛው የሚሰጠውን ውሳኔ ወደ ተሻለ እንደሚለውጥ ማስረጃ ሳይቀርብለት ቀርቷል።

ስለ አዳዲሶቹ ቀለሞች

ከማስወጫ ቀለሞቹ በኋላ የመጡት ሌሎች ቀለሞች የተለያዩ ባሕርያትን ይለካሉ። ሆክስት 33342 የተባለው የዲ ኤን ኤ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1996 በአይጥ መቅኔ ላይ ጥቂት የደበዘዙ ሕዋሳትን ለይቶ በማሳየቱ ለግንደ ሕዋስ ጥናት በር ከፍቷል፤ ቀለሙን በዋናነት የሚያስወጣው ሌላ ፓምፕ መሆኑም በኋላ ታውቋል። አልዲፍሎር የተባለው ደግሞ ሳይክሎፎስፋሚድን ከሚያከሽፈው ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ ሕዋሱን ያበራል። በሌላ በኩል ሕዋሱን ለሞት ጠሪ ፔፕታይዶች አጋልጦ ሚቶኮንድሪያው ምን ያህል ቶሎ እንደሚሸነፍ በፍሎረሰንት ቀለም የሚለካ ዘዴ አለ። ይህ የመጨረሻው እንደ ቬኔቶክላክስ ላሉ መድኃኒቶች ከፓምፕ ምርመራ ይልቅ ቀረቤታ ያለው ጥያቄ ይጠይቃል።

ሌላው አካሄድ በሺህ የሚቆጠሩ ፍሎረሰንት ውሑዶችን አዘጋጅቶ ከመካከላቸው የተፈለገውን ሕዋስ ብቻ የሚያበራውን በሙከራ መምረጥ ነው። አካሄዱ ፍሬያማ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ለምን እንደሚመርጥ ሳይታወቅ ቀድሞ ስለሚገኝ ጥንቃቄ ይሻል። በጃፓን የኪዮቶ ተመራማሪዎች የሰው ግንደ ሕዋሳትን ብቻ የሚያበራ ኬ ፒ 1 የተባለ ቀለም በዚህ መንገድ አግኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ራሳቸው እንዳሳዩት ግን የቀለሙ መራጭነት በዋናነት የመጣው በሕዋሳቱ መካከል ባለው የአስወጪ ፓምፖች ልዩነት ነው። አዲስ የተባለው ብርሃን የቀድሞዎቹን ፓምፖች ጥላ ሲያሳይ ነበር ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ፈልገው ማውጣታቸው የሚያስመሰግን ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ማጣራት ሳይደረግ ለሚቀርብ ማንኛውም ቀለም ምሳሌ ሊሆን ይገባል።

ብዙዎቹ ቀለሞች መጀመሪያ የሚፈተኑት ኬ562 ወይም ኤች ኤል 60 በመሳሰሉ በላቦራቶሪ በሚባዙ የሉኪሚያ ሕዋሳት ላይ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ተቋቋሚ የሚባለው ናሙና የሚገኘው እነዚህኑ ሕዋሳት ቀስ በቀስ በሚጨምር መድኃኒት ውስጥ ለወራት በማለማመድ ነው። እንዲህ ያለው ሕዋስ የሚይዘው የፓምፕ ብዛት በሕመምተኛ ላይ ከሚታየው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። በሁለት እንዲህ በተራራቁ ሕዋሳት መካከል ልዩነት ያሳየ ቀለም ደብዛዛና ድብልቅ በሆነው የሕመምተኛ መቅኔ ውስጥም ያሳያል ብሎ መደምደም አይቻልም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ

በመሣሪያ በኩል ብቻ ቢታይ የማስወጫ ምርመራው የማይደረስበት አይደለም። ሮዳሚን 123ና ካልሲን እንደ ፋክስካሊበር ያለ ሰማያዊ ሌዘር ባለው መሣሪያ ሊነበቡ የሚችሉ ናቸው። ሆክስት 33342 ግን በተለምዶ የአልትራቫዮሌት ሌዘር ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሲዲ4 መቁጠርና የሉኪሚያ ሕዋስን ሥራ ማንበብ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው በሕይወት ያለ፣ ሳይውል ሳያድር የደረሰ ናሙና፣ ፓምፕ ያላቸውና የሌላቸው ማነጻጸሪያ ሕዋሳት፣ የሽፋን ምልክቶችን አብሮ የሚያነብ ባለሙያ ይፈልጋል። ናሙናው ከክልል ሆስፒታል በመኪና ተጭኖ በማግሥቱ የሚደርስ ከሆነ የሚለካው የመንገዱ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የውጤቱ አጠቃቀም ነው። ፕሌትሌትና ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ በበቂ በማይገኝበት ቦታ የአጣዳፊ ሉኪሚያ ሕመምተኛን ዕጣ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ይልቅ ኢንፌክሽኑና መድማቱ ነው። ሌላ የሚሰጥ መድኃኒት ሳይኖር በሕመምተኛው ካርድ ላይ «ተቋቋሚ» የሚል ቃል መጻፍ ሕክምናውን አያሻሽልም፤ ይልቁንም ሊረዳ የሚችልን ሰው ከመነሻው ተስፋ የማስቆረጥ አደጋ አለው። ትክክለኛነቱ ባልተረጋገጠ ምርመራ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር ይጋጫል።

ሥር በሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ ላይ ደግሞ ከሕዋሱ በፊት ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የዚህ በሽታ ሕሙማን ኢማቲኒብን በዓለም አቀፍ የእርዳታ መርሐ ግብር አማካይነት በነጻ ሲያገኙ ቆይተዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይቋረጥ መወሰድ ያለበት ነው። በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል በ87 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ከታዘዘላቸው መጠን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ሕሙማን በስድስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛ የሆነ የሞለኪውል ምላሽ የማግኘት ዕድላቸው 94.5 በመቶ ሲሆን፣ 90 በመቶና ከዚያ በታች የወሰዱት ግን 28.4 በመቶ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ያልሠራ የመሰለው በብዙዎቹ ላይ ክኒኑ ስላልተዋጠ ነው። ከሩቅ አገር ለቀጠሮ የሚመጣ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ያጠረው፣ ደኅና ሲሆን ክኒኑን የተወ ሕመምተኛ ይህን ለሐኪሙ ለመናገር ሊያፍር ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ቢባልም ሕመምተኛው እንዳይደብቅ የሚያደርገው የጠያቂው አጠያየቅ ነው። ሳይቆጡ፣ ሳይወቅሱ፣ ባለፈው ወር ስንት ክኒን እንደ ቀረ መጠየቅና ጠርሙሱን ማየት ምንም ቀለም ሳያስፈልገው የሚደረግ የመጀመሪያ ምርመራ ነው።

ዘገባዎችን ለመመዘን የሚረዱ ጥያቄዎች

ስለ አንድ አዲስ ፍሎረሰንት ቀለም የሚቀርብን ዘገባ የሚያነብ የጤና ባለሙያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሣ ይጠቀማል።

1. ቀለሙ ለምን እንደሚያበራ ወይም እንደሚጨልም ተረጋግጧልን? ፓምፑን፣ ኢንዛይሙን ወይም ሚቶኮንድሪያውን በማገድ ተፈትኗልን?

2. የተፈተነው በለመዱ የላቦራቶሪ ሕዋሳት ላይ ብቻ ነው ወይስ በሕሙማን ናሙና ላይ ጭምር?

3. ጤናማ ግንደ ሕዋሳትንና የሞቱ ሕዋሳትን ከካንሰሩ እንዴት ለየ?

4. የሚናገረው ስለ የትኛው መድኃኒት ነው? ያ መድኃኒት ለሕመምተኛው የሚሰጠው ነውን?

5. በውጤቱ መሠረት የሕሙማን ሕክምና ተለውጦ የተሻለ ውጤት መገኘቱ በሙከራ ታይቷልን?

ለመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ያለው ቀለም ጥሩ የምርምር መሣሪያ ነው። አምስተኛውን ያላለፈ ግን የሕክምና ምርመራ ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

ማጠቃለያ

ፍሎረሰንት ቀለሞች የደም ካንሰር ሕዋስ መድኃኒትን እንዴት እንደሚመክት በዓይን እንዲታይ አድርገዋል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በፓምፑ ዙሪያ የታየው የዓመታት ልምድ ግን ማየትና ማዳን የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውን አስተምሯል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የሚሞላው ትክክለኛውን ሕመምተኛ መርጦ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጥቶ፣ ውጤቱን በሐቀኝነት በሚለካ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች አዲስ ቀለም ሲያቀርቡ ይህን ሙከራ አብረው ማቀድ ይኖርባቸዋል። የሕክምና ባለሙያውም እስከዚያው ድረስ በእጁ ባሉት መሣሪያዎች፣ በደም ቆጠራው፣ በመቅኔው ንባብ፣ በዘረ መል ምርመራውና ሕመምተኛውን በሚጠይቅበት ጥያቄ መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ መፈለግ ይገባዋል። «ተቋቋሚ» የሚለው ቃልም በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ይህ ፍለጋ ከተጠናቀቀ በኋላ ሊሆን ይገባል።